ከዜሮ በታች የወረደው ድሮን

ይህ የደረሰብን ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ በነበረው የሠርግ ሰሞን ነው። ሰው ሁሉ "ያልፋል፣ ትረሺዋለሽ" ይለኛል። እኔ ግን አልረሳሁትም። የምኖረው አርባ ምንጭ፣ ታችኛው ከተማ ሲቀላ ነው። በሚኒባስ ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ሴቻ ስወጣ ጫሞ ሐይቅ በመስኮት ብቅ ሲል ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ። ትምህርቴን ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ስለሆነ ጽሑፌ ጉድለት ቢኖረው አንባቢ ይታገሠኝ።

አብነት አንድ ልጄ ነው። አባቱ ከሞተ በኋላ ገበያ ላይ ሀለኮ እየሸጥኩ አሳደግሁት። ሀለኮ የምንለው ሌላው አገር ሽፈራው የሚለውን ቅጠል ነው። ልጄ ትምህርቱን ሲጨርስ አንድ ቪዲዮ ቤት ተቀጠረ። ሠርግ ይቀርጻል። ከላይ የሚቀርጸውን ድሮን የሚያበረው እሱ ነው።

እኔ ድሮን የሚባለውን ነገር ከመጀመሪያው አልወደድኩትም። በሬዲዮ የምሰማው ድሮን ሰው የሚጨርስ ነው። አብነት ይስቅብኛል። "እማ፣ የእኔው እኮ ከጭልፊት አይበልጥም" ይለኛል። ጭልፊትም ቢሆን ይወድቃል። የሰው ልጅ አናት ላይ ቢወድቅስ? ሽቦ ላይ ቢጠመጠምስ? ጠዋት ሲወጣ በር ላይ ቆሜ "ፈቃዱን ይዘሃል?" እለዋለሁ። "ይዣለሁ።" "ደመናውን አይተኸዋል?" "አይቼዋለሁ እማ። አንቺ እኮ ለሰማዩም ትፈሪያለሽ!"

ፊልሙ ላይ ቁጥር ማስገባት ይወድ ነበር። ነገሩን እንደገባኝ ልንገራችሁ። ድሮኑ ሲበር ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ ምን ያህል እንደራቀ፣ ፍጥነቱንና ባትሪውን ራሱ ይጽፋል። ፊልሙ ለብቻው ነው፣ ቁጥሩም ለብቻው ነው። አብነት ማታ ቤት ገብቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለቱን ያጋጥማቸዋል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ሲሄድ ጥጉ ላይ ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል።

"ሙሽራ ሜትር ምን ያደርግለታል?" አልኩት አንድ ቀን።

"ይወዱታል። ስንት ሜትር ላይ ሆኜ እንዳነሳኋቸው ለዘመድ ያሳያሉ።"

"እኛ በተዳርንበት ጊዜ ከፍታችንን የጠየቀ የለም" ብዬው ሳቅን።

ነገሩ የደረሰ እሑድ ሙሽሮቹን ከጫሞ ሐይቅ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ አቁሞ ቀረጻቸው። ለፊልሙ መጨረሻ እንዲሆነው ድሮኑን ወደ ሐይቁ ላከው፤ ውሃውንም ቀርጾ መለሰው። ቤት ሲመጣ ራቱን በላ። ጉማሬዎቹ ከላይ ሲታዩ ውሃ ውስጥ የተቀመጡ ድንጋዮች እንደሚመስሉ ነገረኝ። ደክሞት ስለነበር ቶሎ ተኛ።

በማግስቱ ጌታሁን የሚባል ዓሣ አስጋሪ ከሐይቅ አልተመለሰም የሚል ወሬ ተሰማ። ታንኳው ተገልብጦ ተገኘ። ከዚያም ሬሳውን ጓደኞቹ ዳር ላይ አገኙት። ጌታሁን ወጣት ነበር፤ ገና አላገባም። እኔም እንደ ማንኛዋም እናት አዘንኩ። ከእኛ ቤት ጋር ይገናኛል ብዬ አላሰብኩም።

የነገረችኝ ገበያ አጠገቤ የምትሸጠው አስቴር ናት። ድንች የምትደረድርበትን ትታ መጣችና በጆሮዬ፣ "የአብነት እናት፣ ቅጠልሽን ሰብስቢና ቤትሽ ግቢ" አለችኝ።

"ምን ሆነ?"

"ስለ ልጅሽ እያወሩ ነው። ድሮኑ ጉማሬዎቹን አስደንብሯቸው ታንኳውን ገለበጡት እያሉ ነው።"

ሐይቁ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ድሮኑን አይተውታል። ሲያዩት ጉማሬዎቹ ካሉበት በላይ ነበር። ጌታሁን ደግሞ በዚያው በኩል ነበር የሚያሰግረው። ወሬው ይኸው ነው። ነገር ግን በእኛ አገር ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። ደም አለ ከተባለ የሁለቱ ቤት ሰዎች አብረው አይበሉም፤ ለቅሶም አይደራረሱም፤ ሽማግሌ እስኪቆርጠው ድረስ በአንድ መንገድ አይገናኙም። ሽማግሌዎቹ "ድሮኑ ነው የገደለው" ካሉ አብነት ዕድሜውን ሙሉ ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ይኖራል። ከአርባ ምንጭም መውጣቱ ነው። የት ይሄዳል? ከእኔ በቀር ማን አለው?

ቤት ስደርስ አብነት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሰምቷል።

"ወደ ጉማሬዎቹ ዝቅ አድርገኸው ነበር?" አልኩት።

"አላደረግሁም እማ።"

"በአባትህ ነፍስ ማልልኝ።"

"ምን መሐላ ያስፈልጋል? ድሮኑ ራሱ ጽፎታል። ቁጥሩን ፊልሙ ላይ አድርጌ አሳያቸዋለሁ።"

ይበልጥ የፈራሁት ይህን ነው። ሰው ራሱ የማያስታውሰውን ነገር ማሽን ይጽፍበታል። እሱ ከፍ ያለ መስሎት ቁጥሩ ዝቅ ቢልስ? "ባይታይ አይሻልም ወይ?" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

ሽማግሌዎቹ በሦስተኛው ሳምንት ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ኮምፒውተሩ ከትልቅ ቴሌቪዥን ጋር የተያያዘው እዚያ ስለሆነ ነው። ሙሽሮች ፎቶ በሚነሱበት ወንበር ላይ፣ ከፕላስቲክ አበባው ሥር፣ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ተደርድረው ሳያቸው እንባዬ መጣ። ትልቁ ሽማግሌ አባባ ኦይሳ ይባላሉ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። አንዱ "ሴትዮዋ ትውጣ" ሲል አባባ ኦይሳ፣ "እናት ናት፣ ትቁም" አሉ።

የጌታሁን ታላቅ ወንድም ደሳለኝ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ቆሟል። አብነት ስለ ቁጥሩ ማስረዳት ሲጀምር አቋረጠው።

"ቁጥሩን እኮ የሚጽፈው እሱ ነው! ለእኔም ኮምፒውተር ስጡኝና ድሮኑ ጨረቃ ላይ ነበር ብዬ ልጻፍላችሁ።"

"እውነቱን ነው" አሉ አባባ ኦይሳ። "ስለዚህ ደሳለኝ፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ ሂድና አጠገቡ ተቀመጥ። እጁን ጠብቅ።"

ደሳለኝ ሄዶ ተቀመጠ። ትከሻ ለትከሻ ሆኑ። አብነት ሜሞሪ ካርዱን በእጁ ሰጠው፤ ደሳለኝ ራሱ ከተተው። ፊልሙንም ቁጥሩንም ራሱ ከፈተ። ቁጥሩ ለብቻው ሲከፈት ከላይ እስከ ታች የተደረደረ መስመር ነው፤ ማለቂያ የለውም። አብነት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ "አሁን ይሄን ንካ፣ አሁን ይሄን" ይለዋል። ደሳለኝ ይነካል። በመጨረሻ ቁጥሩ ከፊልሙ ጋር ተጋጥሞ ወጣ።

ግን ነጭና ደቃቃ ነበር፤ የውሃው ብልጭታ ይውጠዋል።

"ጉንዳን ነው እንዴ የምታሳዩን?" አሉ አንዱ ሽማግሌ። "አተልቁት!"

አብነት አተለቀው። አሁንም አልታይ ሲላቸው ከኋላው ጥቁር ሰሌዳ አደረገለት። ያን ጊዜ እኔም ከበሩ ላይ ሆኜ አነበብኩት።

ፊልሙ ሄደ። ሙሽሮቹ ኮረብታው ላይ ቆመዋል። ድሮኑ ትቷቸው ወደ ሐይቁ ቁልቁል ሄደ። የከፍታው ቁጥር እያነሰ መጣ። አርባ ሆነ፣ ሠላሳ ሆነ። እኔ በልቤ "አትውረድ፣ አትውረድ" እላለሁ። አሥር ሆነ። ዜሮ ሆነ። ከዚያ አንዲት ሰረዝ መጣችና ከኋላዋ ቁጥሩ ተመልሶ ያድግ ጀመር። ውሃው ላይ ሲደርስ ሰረዝና ሃያ ላይ ቆመ።

"ያቺ ሰረዝ ምንድን ናት?" አሉ አባባ ኦይሳ።

"ከዜሮ በታች ማለት ናት" አለ አብነት።

ደሳለኝ ከወንበሩ ተነሳ። "ከዜሮ በታች? ዜሮ መሬት ነው። ከመሬት በታች ውሃ ነው። ድሮኑ ራሱ መሰከረ! ውሃው ውስጥ ገብቷል!"

ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። እኔ የበሩን መቃን ያዝኩ። ልጄ ሲጮህ ይሰማኛል። "አይደለም! ዜሮው ውሃው አይደለም! ዜሮው የተነሳሁበት ቦታ ነው፣ ኮረብታው ነው! ድሮኑ የሚቆጥረው ከተነሳበት ነው! ከኮረብታው ሃያ ሜትር ወረደ ማለት ነው እንጂ…"

"ኮረብታው ከውሃው ስንት ሜትር ነው?" አሉ አባባ ኦይሳ።

አብነት ቴሌቪዥኑን አየ። "አላውቅም አባባ" አለ።

አባባ ኦይሳ በትራቸውን አነሱ። "እሱ ካላወቀ፣ እኛም ካላወቅን ኮረብታውን ሄደን እንጠይቀዋለን" አሉ።

በሌላ ቀን ጠዋት ሄድን። ሽማግሌዎቹ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሐይቁ ዳር፣ ከውሃው ራቅ ብለው ቆሙ። እኔ ከእነሱ ጀርባ ቆምኩ። አብነትና ደሳለኝ ኮረብታው ላይ ወጡ። ደሳለኝ መቆጣጠሪያው ላይ ቁጥሩን እያየ በስልክ ይናገራል። "ዜሮ ሆነ… አሁን ሰረዟ መጣች… ሃያ! ሃያ ላይ ቆሟል!"

ቀና አልን። ድሮኑ ከእኛ በላይ ነበር። እውነት ለመናገር ሩቅ ነበር፤ የተዘረጋ እጅ አያክልም። ድምፁ ግን ከማዶ ሰፈር እንደሚፈጭ ወፍጮ ይሰማል።

"ይሰማኛል" አሉ አባባ ኦይሳ።

"እኔ ምንም አልሰማሁም" አሉ ሌላው።

"አንተማ ሚስትህንም አትሰማም።"

ትንሽ ተሳቀ። ዳር ላይ ላሞች ይግጡ ነበር። አንዲቷ ላም አንገቷን ቀና አደረገች። ሳቁ ቆመ። ሁላችንም ላሟን እናያለን። ሌሎቹ መጋጣቸውን አልተዉም።

"ለድሮኑ ነው" አሉ አንዱ።

"ለዝንብ ነው" አሉ ሌላው።

ላሟ ጆሮዋን አራገበችና ተመልሳ አጎነበሰች። ለየትኛው እንደሆነ እግዜር ያውቃል።

ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ሄደው ተመካከሩ። ከዚያ እርጥብ ሣር በጥሰው በእጃቸው ይዘው መጡ። ሣሩን ሳይ ተነፈስኩ፤ የእርቅ ነውና። አባባ ኦይሳ ተናገሩ። ድሮኑ ከፍ ብሎ ነበር፤ ልጁ አልዋሸም። ሰውየውን የወሰደው ሐይቁ ነው። ደም የለም። ሆኖም አብነት ከእንግዲህ ሐይቁ ላይ አያበርም፤ ከእናቱ ጋር ሄዶ ለቅሶ ይድረስ። ሣሩን ለደሳለኝ ዘረጉለት። ደሳለኝ እጁን ሳይዘረጋ ቆየ። ሽማግሌ ሣር ይዞ ቆሞ እምቢ ማለት በእኛ በጋሞዎች ዘንድ ነውር ነው። በኋላ ተቀበለ።

ለቅሶውን ደረስን። የጌታሁን እናት መሬት ላይ ተቀምጣለች። እጇን ያዝኩ። እጇን አልነፈገችኝም፤ ግን አልጨበጠችኝም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ክረምት ሲገባ፣ በገበያ ቀን፣ የጌታሁን እናት ብቻዋን ቤታችን መጣች። ዝናብ አበስብሷታል። ነጠላዋን ተቀብዬ ሰጣሁላት። በጋሞኛ ነው የተጫወትነው። ዳቦ ብሰጣት አልበላችም። አብነት ቤት ነበር፤ ሲያያት ተነስቶ ቆመ።

"ተቀመጥ ልጄ" አለችው። "አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ልጄ በዚያ ሰዓት ሐይቁ ላይ ነበር አሉ። አንተም ሐይቁን አንስተሃል። ታዲያ ፊልሙ ላይ ልጄ የት አለ?"

አብነት ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ እሱ አየሁ። ሽማግሌ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ሰው ሁሉ ያን ፊልም ደጋግሞ አይቶ፣ ይህን የጠየቀ አልነበረም። ሁላችንም የምናየው ቁጥሩን ነበር።

ሽማግሌዎቹ ያዩትን ፊልም ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተላት። ድሮኑ ኮረብታውን ወረደ፣ ውሃው ላይ ደረሰ። እሷ ወደ ኮምፒውተሩ መስታወት ተጠግታ ጣቷን ጥጉ ላይ አደረገች።

"ይሄ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?"

"ቁጥሩ ነው እማማ። ሽማግሌዎቹ እንዲያዩት ያተለቅነው ነው።"

"አንሳው።"

አነሳው። ጥቁሩ ሰሌዳ ሲጠፋ ከሥሩ ውሃ ነበር። ውሃው ላይ ታንኳ ነበር። ታንኳው ላይ ሰው ቆሟል። የሩዝ ፍሬ ቢያክል ነው። ታንኳው አልተገለበጠም። ጉማሬዎቹ ከእሱ ትንሽ ራቅ ብለው ይታያሉ። ሰውየው አንድ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ያወዛውዛል። ወዲያው ድሮኑ ዞሮ ወደ ኮረብታው ተመለሰ፤ ፊልሙም አለቀ።

አብነት ፊቱ አመድ መሰለ። ተነስቶ ዝናቡ ውስጥ ወጣ።

እሷ ፊልሙ ባለቀበት መስታወት ላይ እጇን እንዳደረገች ቀረች። "ሰማያዊ ሹራቡን ነው የለበሰው" አለች። እኔ ሹራብ አላየሁም። እናት ታያለች።

ከዚያ ጠየቀችኝ። "ልጄ ልጅሽን ምን እያለው ነው?"

"ሰላም እያለው ነው" አልኳት ወዲያው። "ሰው ሁሉ ድሮን ሲያይ እጁን ያወዛውዛል። ሕፃኑም አዋቂውም ነው።"

"አዎ። ሰው ሰላም ማለት ይወድ ነበር" አለች።

አብነትን ጠራሁትና እንደገና አሳያት። እንደገና። እንደገና። በመጨረሻ ነጠላዋን ሳይደርቅ ለበሰች። ያመነችኝ መስሎኝ ልቤ ትንሽ ረግቶ ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞራ እጄን ያዘች፤ በዚያ በለቅሶው ቀን ያልጨበጠችኝን አሁን አጥብቃ ጨበጠችኝ።

"የአብነት እናት" አለችኝ፣ "ይህን ፊልም ደሳለኝ እንዳያየው።"

ከዚያ ወዲህ አብነት ድሮን አላበረረም። ቪዲዮ ቤቱ ሌላ ልጅ ቀጥሯል፤ የእኔ ልጅ በእጁ ካሜራ ብቻ ነው የሚቀርጸው። ይህ ሁልጊዜ ስመኘው የነበረ ነገር ነው፤ አሁን ሲሆን ግን አላስደሰተኝም። ፊልሙን ብቻውን ሲያይ አገኘዋለሁ። ያንን ጥግ እያተለቀ፣ እያተለቀ፣ ሰውየው ነጠብጣብ እስኪሆን ድረስ ያየዋል። "እማ፣ ድረሱልኝ እያለኝ ቢሆንስ?" ይለኛል። "ሰላም እያለህ ነው" እለዋለሁ። ለእሷ የሰጠሁትን መልስ ነው የምሰጠው።

ያቺ ሴት አላመነችኝም። ልጇ ድረሱልኝ እያለ ሊሆን እንደሚችል እያወቀች ልጄን ደበቀችልኝ። አሁን ገበያ ስንገናኝ ቅጠሌን እያገላበጠች ትመርጣለች፤ ስለ ዝናቡ እናወራለን፤ ስለ ልጆቻችን አናወራም። ስትሄድ ከኋላዋ አያታለሁ። ልጇን ያጣችው እሷ ሆና የልጄን ሸክም ጭምር ይዛልኝ የምትሄደው ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ልጠይቃት እፈልጋለሁ። እስከ ዛሬ ድፍረቱን አላገኘሁም።